የሜልበርኑ ሬዲዮ ታሪክ በባህር ዳር ቁም ሣጥን

ታላቅ ወንድሜ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከገባ ብዙም ሳይቆይ በዚያ ከተማ ካሉት የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያዎች በአንዱ የአማርኛው ክፍለ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ አዘጋጅ ሆነ። ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካ ይሠራል፤ በዕረፍት ቀኑ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጣል። ደመወዝ የለውም፤ እንዲያውም ጣቢያው እንዳይዘጋ አባላቱ ከኪሳቸው ያዋጣሉ። በቅርቡ ጣቢያው የየቋንቋውን ክፍል ታሪክ ለማሰባሰብ ሲነሣ፣ አማርኛው ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድም የተቀዳ ስርጭት እንደሌለው ታወቀ። ወንድሜ ደውሎ «እናንተ ዘንድ ይኖር ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። «እማዬ የጣለችው ነገር አለ ብለህ ነው?» አልኩት።

አልጣለችም። ለእሷ ሲልክላት የኖረው ካሴት በሙሉ ቁም ሣጥኗ ውስጥ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ተከማችቶ፣ ለበዓል ቤት በጸዳ ቁጥር «ይህንንስ ምን እናድርገው?» ለምትሉ ሰዎች ነው። እኔ የመዝገብ ቤት ባለሙያ አይደለሁም፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ሥራው ግን ትዕግሥት እንጂ የተለየ ትምህርት አይጠይቅም።

በመጀመሪያ ያስገረመኝ ነገር የአንድ ጣቢያ ድምፅ በራሱ በጣቢያው አለመገኘቱ ነው። ነገሩን ስትመረምሩት ግን ምንም አይገርምም። የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚተላለፈው በቀጥታ ነው። ለቅሬታ መልስ መስጫ ተብሎ የሚቀዳው ለጥቂት ሳምንታት ይቀመጥና ሌላ ይቀዳበታል። ካሴት ገንዘብ ነው፤ ጣቢያው ደግሞ ገንዘብ የለውም። ፈቃደኛው አዘጋጅ በበኩሉ የሚያሳስበው የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅት እንጂ ከ30 ዓመት በኋላ ማን ይሰማዋል የሚለው አይደለም። ለእናቱ ሲሆን ግን ይቀዳል። ከሜልበርን ለሠርግ ወይም ለተዝካር የሚመጣ ሰው በተገኘ ቁጥር፣ ወንድሜ ከሹራቡና ከመድኃኒቱ ጋር የዚያን ሰሞን ስርጭት ጨምሮ ይልክ ነበር። ጎረቤት ይጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ካሴቱ ይሰማል። እናም የስደተኞች ሬዲዮ ታሪክ ግማሹ የሚገኘው ሰዎቹ በሄዱበት ሳይሆን በወጡበት አገር ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በግሪክና በጣልያን መንደሮችም ተመሳሳይ ቁም ሣጥኖች ሳይኖሩ አይቀሩም።

እኛ የለመድነው ሬዲዮ ሌላ ዓይነት ነው። ዶይቼ ቬለ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ በአማርኛ ሲናገሩ የኖሩት ለእኛ፣ እዚህ ላለነው ነው። በብዙ ቋንቋ መናገርም ለባህር ዳር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የክልሉ መገናኛ ብዙኃን ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣናና በኦሮምኛ ያሰራጫል። የእነ ወንድሜ ሬዲዮ ግን የሚናገረው አገር ለለቀቁት፣ በሄዱበት አገር ስለሚኖሩት ኑሮ ነው። ካሴቱን ከመስማታችሁ በፊት ይህን ልዩነት ልብ በሉ። አለበለዚያ ከባህር ዳር ሆናችሁ ስትሰሙት ግማሹ ተራ ወሬ ይመስላችኋል፤ እኔም መጀመሪያ እየዘለልኩ ለመስማት ዳድቶኝ ነበር።

ስለዚህ ቀጥታ ወደ ካሴቱ አልሄድኩም፤ የጣቢያዎቹን የኋላ ታሪክ አነበብኩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውስትራሊያ ከአውሮፓ ብዙ ሕዝብ ተቀበለች። በሬዲዮ በውጭ ቋንቋ መናገር ግን ለረጅም ጊዜ ከአየር ሰዓቱ ጥቂት በመቶ ብቻ እንዲሆን ተገድቦ ነበር፤ የተነገረውም በእንግሊዝኛ እንዲደገም ይጠየቅ ነበር። በሩን የከፈተው የጤና መድን ነው። የጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መንግሥት ሜዲባንክ የተባለውን አገር አቀፍ የጤና መድን ከጁላይ 1 ቀን 1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ሊያውል ተዘጋጀ። እንግሊዝኛ የማይሰማው ሰው እንዴት ይወቀው? በየቋንቋው በሬዲዮ ይነገረው የሚለውን ሐሳብ ከገፉት ሰዎች አንዱ የቀድሞው የኢሚግሬሽን ሚኒስትር አል ግራስቢ ናቸው። በሲድኒ ቱ ኢ ኤ የተባለው ጣቢያ ጁን 9፣ በሜልበርን ስሪ ኢ ኤ የተባለው ጁን 23 ቀን ስርጭት ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2 እና ሰኔ 16 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የመሬት አዋጁ ከታወጀ ገና አራት ወር ሳይሞላው፣ የእኔ ታላላቆች በየገጠሩ ዘመቻ ላይ ሳሉ። ግሪክኛ፣ ጣልያንኛ፣ ዓረብኛና ቱርክኛ ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች ውስጥ ነበሩ።

ጣቢያዎቹ የታሰቡት ለሦስት ወር ሙከራ ነበር። መንግሥት ተለወጠ፣ እነሱ ግን አልተዘጉም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤስ ቢ ኤስ በሚባለው ተቋም ሥር ገቡ። ዛሬ ኤስ ቢ ኤስ አማርኛን ጨምሮ ከ60 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይሠራል። ይህ የመንግሥት በጀት ያለው መስመር ነው። በጎኑ ሌላ መስመር አለ፤ ለእኔ ልብ የሚቀርበው እሱ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ሜልበርን ውስጥ ስሪ ዜድ ዜድ የተባለ፣ ማኅበረሰቦች ራሳቸው ገብተው ዝግጅታቸውን የሚሠሩበት ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፤ በ1977 መንግሥት ዘጋው። የየቋንቋው ማኅበራት ግን ጥያቄያቸውን አልተዉም፤ በ1989 ስሪ ዜድ ዜድ ዜድ የተባለው የማኅበረሰብ ጣቢያ አየር ላይ ዋለ። ሦስተኛው ዓይነት የካናዳው ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ጆኒ ሎምባርዲ የተባለ የግሮሰሪ ባለቤት በ1966 እ.ኤ.አ. ቺን የተባለውን በብዙ ቋንቋ የሚናገር ጣቢያ ከፈተ፤ እሱ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለወግ አይደለም። ካሴቱ ከየትኛው ዓይነት ጣቢያ እንደወጣ ካላወቃችሁ የምትሰሙትን አትረዱትም። በመንግሥት በጀት የሚሠራው ዜና ያስቀድማል፤ አቅራቢው ባለሙያ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይጀምራል፣ ጠብቆ ይጨርሳል። በማኅበረሰቡ ጣቢያ ግን ዜናው አጭር፣ ማስታወቂያው ረጅም ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚቀጥለው ቋንቋ አዘጋጆች ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል። በአንዱ ካሴት ላይ ወንድሜ «ሰዓታችን አልቋል፤ ወንድሞቻችን በር ላይ ቆመዋል» ሲል ከኋላው በማላውቀው ቋንቋ ሳቅ ይሰማል። ሌላው አቅራቢ ሊወጣ ሲል በአማርኛ «ደህና ሁኑ» ይላል። ከማን እንደተማረው ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የጣና ዳር ክረምት የካሴት ጠላት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የካሴቱን ሽፋን ከፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ተመልከቱት፤ በተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። እሱን በደህና ቴፕ ውስጥ አታስገቡ፤ ሻጋታው ወደ መሣሪያው፣ ከመሣሪያው ወደ ሌላው ካሴት ይሄዳል። ለብቻው ለዩት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ከቤት ውጭ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠርዙን ጥረጉት። ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት፤ ሽፋኑ ይጣመማል። እኔ የሻገቱትን አየሩ እስኪደርቅ፣ እስከ ኅዳር ድረስ ትቼ በጤነኞቹ ጀመርኩ።

ጤነኛ የሚመስለውንም ቢሆን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። በጀርባው በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ በስህተት እንዳይቀዳበት ይከለክላል። ቀጥሎ ስድስት ጎን ያለውን የቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከትታችሁ ክሩን ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩ። ከጠነከረባችሁ አታስገድዱት። ዘጠና ደቂቃ የሚለው ካሴት ክሩ ከስልሳው ይልቅ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይሳባል፣ ይበጠሳል። ከተበጠሰ ደግሞ በተራ ፕላስተር አትለጥፉት፤ ማጣበቂያው እየቀለጠ ክሩን እርስ በርሱ ያያይዘዋል።

ቴፕ ማግኘት ከባድ አልነበረም፤ የሚሠራ ቴፕ ማግኘት ነው ከባዱ። የእናታችን ቴፕ ሞተሩ ይዞራል፣ ካሴቱ ግን አይዞርም። ባህር ዳር ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ፤ በወጣትነታቸው በፖሊ ቴክኒኩ የተማሩ ናቸው። ከፍተው አዩትና «እህቴ፣ ይህ አልሞተም፤ ጎማው ነው የሞተው» አሉኝ። በውስጡ ያለችው ቀጭን የጎማ ቀበቶ ለዓመታት ተቀምጣ ላልታ ነበር። ከሌላ አሮጌ ቴፕ አውጥተው ተኩልኝ። ክሩ የሚነካውን፣ ድምፁን የሚያነበውን ሄድ የተባለ ክፍልና ጎማውን መንኮራኩር ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በጥጥ ጠረጉት፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ እስከ ዛሬ የምደነቅበትን ነገር አሳዩኝ። ከሄዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ እሷን በጥቂቱ ሲያዞሯት፣ ከብርድ ልብስ ሥር የሚናገር ይመስል የነበረው የወንድሜ ድምፅ ጠራ። «ሰ እና ሸ እስኪለዩልሽ ድረስ ነው የምታዞሪው፤ ከዚያ ተይው» አሉኝ። አንዳንዱ ካሴት በሌላ ማሽን የተቀዳ ስለሆነ ለየብቻው ማስተካከል ይጠይቃል። ይህን ሳታደርጉ የምትቀዱት ድምፅ በኋላ በኮምፒውተር ቢታሽም ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

የመቅዳቱ ነገር ቀላል ነው። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ አንድ ገመድ ይበቃል፤ የማይክሮፎኑ ማስገቢያ ግን ድምፁን ያሻክረዋል፤ ሌላ ከሌላችሁ የቴፑን ድምፅ በጣም ቀንሱ። ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ይባላል፤ በነፃ ይገኛል። በዌቭ ፋይል፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅዱት፤ በአንድ ቻናል ከሆነ የአንድ ሰዓት ካሴት ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ኤምፒስሪ ለሰው ለመላክ እንጂ ለማስቀመጥ አይሆንም። መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል ብላችሁ አትበሳጩ። እኔ ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ፣ ቴፑን በትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ሳሠራው ከሥር ሲያንጎራጉር የነበረው የኤሌክትሪክ ድምፅ ጭራሹን ጠፋ። ከዚያ በኋላ መብራት ባለበትም በድንጋይ ነው የምቀዳው። ድንጋዩ ሲደክም ግን ቴፑ ይዘገያል፣ የተናጋሪውም ድምፅ እየወፈረ ይሄዳል፤ ከመጀመሪያው አዲስ ድንጋይ ያዙ።

ካሴቶቹ ላይ ቀን የለም። ወንድሜ «ለእማዬ» ብሎ ይጽፍና በዚያው ያበቃል። ለታሪክ ደግሞ ቀን ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የረዳን የራሳችን ባሕረ ሐሳብ ነው። በአንዱ ካሴት አቅራቢዋ «የፊታችን ቅዳሜ የምንቀበለው ዘመነ ማርቆስ» ትላለች። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። መስከረም 1 ቅዳሜ የዋለበት ዘመነ ማርቆስ 1986 ዓ.ም. ነው። ይህ መገጣጠም የሚመለሰው በየ28 ዓመቱ ስለሆነ ከዚያ በፊት 1958፣ ከዚያ በኋላ 2014 ብቻ ነው የሚሆነው። በ1958 ወንድሜ ፊደል አልቆጠረም፤ በ2014 ካሴት የሚልክ ሰው የለም። ጣቢያው ያጣውን ቀን ያገኘንለት በአውስትራሊያ መዝገብ ሳይሆን እናታችን በቃሏ በምታውቀው ስሌት ነው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኮራሁ።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የሜልበርን ስልክ በ1995 እ.ኤ.አ. ከሰባት አኃዝ ወደ ስምንት ስላደገ፣ አቅራቢው ለእድሩ ሰብሳቢ ደውሉ ብሎ ሰባት አኃዝ ካነበበ ስርጭቱ ከዚያ በፊት የተላለፈ ነው። ወቅቱም ይናገራል፤ ገናን በሙቀት፣ ቡሄን በብርድ የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ አየሩ የሚጣል አንድ ቃል ወሩን ይጠቁማል።

ሁለተኛውን ገጽ ሳትሰሙ «ባዶ ነው» አትበሉ። እናታችን በአንዳንዱ ካሴት ጀርባ መልሷን ቀድታለች፤ የሚወስድላት ሰው ሳይገኝ ቀርቶ እዚሁ የቀረ ነው። ስለ ጤናዋ ሁለት ቃል፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ብዙ ቃል፣ ከዚያም «ያቺ ከአንተ ጋር የምታነበው ልጅ ትፈጥናለች፤ ረጋ በዪ በላት» የሚል። አንድ አድማጭ ለአንድ አቅራቢ የሰጠው አስተያየት ነው፤ ለሬዲዮ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ሰነድ የት ይገኛል?

ከሁሉም በላይ ግን ማስታወቂያዎቹን ስሙ። ቤት የሚከራይ፣ ዕቁብ የሚጀምር፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚያስጠና፣ ሱዳን ካምፕ የተለየውን ወንድሙን የሚፈልግ። የሰዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ኑሮ ያለው እዚያ ነው። በአንዱ ካሴት ወንድሜ የሐዘን ማስታወቂያ ማንበብ ይጀምርና «አገር ቤት ያረፉት…» ብሎ ያቆማል። የወረቀት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ «ይህን ማስታወቂያ በሚቀጥለው ሳምንት እናቀርበዋለን» ብሎ ወደ ሙዚቃ ያልፋል። ምን እንደሆነ በስልክ ጠየቅኩት። ስቱዲዮው ውስጥ የነበረ ሰው በእጁ ምልክት ሰጥቶት ነው፤ የሟች ልጅ ገና መርዶ አልተነገራትም፤ የሌሊት ፈረቃዋን ስትሠራ ሬዲዮ ትከፍታለች። ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው ከነገሯት በኋላ ማስታወቂያው ተነበበ። እንዲህ ያለው ደንብ በየትኛውም የስርጭት መመሪያ ላይ አልተጻፈም። በካሴት ላይ ሲሰማ ግን የተሳሳተ ንባብ ይመስላል፤ ስለዚህ ያልገባችሁን ዝምታ ሁሉ ጊዜውን ጽፋችሁ ያዙና በሕይወት ያሉትን ጠይቁ።

የጎረቤትን ካሴት በተመለከተ፦ ሽምብጥ አካባቢ ልጃቸው በዚያው ጣቢያ ታነብ የነበረች አንዲት እናት አሉ። ካሴቶቹን ወስጄ ልመልስ ስላቸው «ልጄ፣ ሰው ወስዶ መቼ መልሶ ያውቃል?» አሉኝ። አልተከራከርኩም፤ ቴፑንና ላፕቶፑን ይዤ እቤታቸው ሄድኩ። አብረን ስለሰማነው ማን ማን እንደሆነ እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ ካሴቶቹን ወስጄ ቢሆን ኖሮ ያን አላገኝም ነበር። የቀዳሁትንም በፍላሽ ሰጠኋቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው በስልክ ያሰሙአቸዋል።

ፈቃድ ሳትጠይቁ ግን ለማንም አትላኩ። እነዚያ መልእክቶች የሰው ስም፣ የጠፋ ዘመድ፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ዛሬ እንዲነሣ የማይፈልገው ጉዳይ አለባቸው። እኔ ሁለት ቅጂ አዘጋጀሁ። አንዱ ሙሉው፣ ለቤተሰብና ለጣቢያው መዝገብ ብቻ፤ ሌላው ስሞች የወጡለት፣ ለሕዝብ የሚቀርብ። የፋይሉን ስም መጀመሪያ በዓመተ ምሕረት፣ ቀጥሎ በእነሱ አቆጣጠር፣ ከዚያ ገጹን ብዬ ሰየምኩት፤ ቀኑ በግምት ከሆነ «ግምት» የሚል ቃል ጨመርኩ፤ የግምቱንም ምክንያት በተለየ ደብተር አሰፈርኩ።

ፋይሎቹን ሌሊት ኔትወርኩ ሲፈጥን በኢንተርኔት ላክሁ። ጣቢያው ተቀብሎ አመሰገነ፤ ቀጥሎ ለታሪኩ ዝግጅት ዜናውንና ቃለ መጠይቁን ብቻ ቆርጬ፣ ማስታወቂያዎቹን አውጥቼ እንድልክ ጠየቀ። አልቆረጥኩም። መቁረጥ ከፈለጉ መቀሱ እነሱ ጋ አለ፤ እኔ ግን የሐዘኑን፣ የዕቁቡንና የቤት ኪራዩን እያንዳንዱን በስንተኛው ደቂቃ እንደሚገኝ ዘርዝሬ ሙሉውን ደግሜ ላክሁላቸው። የሻገቱትን ኅዳር ላይ እጀምራቸዋለሁ።